ታላላቆቹን በዋንጫ አጋሮቻቸው ጥንካሬ ማወዳደር፦ ሚዛኑ ምን ይሁን?

ሦስት_ነጥብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ታላላቆችን «ዋንጫውን ሲበሉ አጠገባቸው ማን ነበር?» በሚለው ጥያቄ ብቻ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ እየሠራሁ ነው። ስሞቹ፦ ቢል ራስል፣ ካሪም አብዱልጀባር፣ ማጂክ ጆንሰን፣ ላሪ በርድ፣ ማይክል ጆርዳን፣ ሀኪም ኦላጁዎን፣ ሻክ (ሻኪል ኦኒል)፣ ኮቢ ብራያንት፣ ቲም ደንከን፣ ዲርክ ኖዊትዝኪ፣ ሌብሮን ጄምስ፣ ስቴፍ ከሪ እና ኒኮላ ዮኪች። ለእያንዳንዱ ዋንጫ ሦስት ነገር መዘገብኩ፤ በቡድኑ ውስጥ ስንት የሆል ኦፍ ፌም (የስፖርቱ የክብር መዝገብ) ተጫዋች እንደነበረ፣ በዚያ ዓመት ስንት ሌላ ኦል ስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) እንደነበረ፣ ኮከቡ በሄደ ማግስት ቡድኑ ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ዓምዶች ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። በመጀመሪያው ዓምድ የራስልን ያህል የታደለ የለም፤ ቦስተን በሆል ኦፍ ፌም ሰዎች የተሞላ ነበር። በሁለተኛው ሌብሮን በ2016 ብቻውን ዋንጫ የበላ ይመስላል፤ በዚያ ዓመት ከክሊቭላንድ ሌላ ኦል ስታር አልተመረጠምና። በሦስተኛው ደግሞ የጆርዳን አጋሮች በጣም ጠንካራ ይመስላሉ፤ እሱ በሌለበት በ1993-94 ቺካጎ 55 ጨዋታ አሸንፏል። የቱን ልመን? ሌላ ሚዛን ካለስ እንዴት ይሠራል? የተለያየ ዘመን ሰዎችንስ እንዴት አብሬ ልመዝን?

ቦክስ_አውት

የመጀመሪያውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ አውጣው፤ ከሦስቱ እጅግ የሚያሳስተው እሱ ነው። ሆል ኦፍ ፌም የሚያየው የሰውየውን ሙሉ የስፖርት ዘመን ነው፤ ኮሌጁም፣ ኦሎምፒኩም፣ አውሮፓውም ይቆጠራል። ሮበርት ፓሪሽ በ1996-97 በ43 ዓመቱ የቺካጎ ተጫዋች ነበር። ዓምድህ ለጆርዳን አንድ ታላቅ አጋር ይጨምርበታል፤ በፕሌይኦፉ (ከሲዝኑ በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ግን ፓሪሽ እምብዛም ሜዳ አልገባም። ቦብ ማክአዱ የ1975 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ነበር፤ በ1982 እና በ1985 ከማጂክ ጋር ዋንጫ ሲበላ ግን ከተቀያሪ ወንበር የሚነሳ ሰው ነው። ቶኒ ኩኮችም ሆል ኦፍ ፌም የገባው በ2021 የአውሮፓ ታሪኩ ተደምሮለት ነው። የ1996ቱ ኩኮች በአማካይ 13 ነጥብ ገደማ የሚያስቆጥር የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሆል ኦፍ ፌም ስሙን የሚያህል አይደለም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋንጫው ራሱ ሰዎችን ሆል ኦፍ ፌም ማስገባቱ ነው። ኬሲ ጆንስ በሙያ ዘመኑ አማካዩ 7.4 ነጥብ ነው። ከራስል ጋር 8 ዋንጫ ባይበላ ኖሮ ስሙ እዚያ መግባቱ በጣም ያጠራጥራል። ስለዚህ የራስልን ዋንጫ ለማሳነስ የምንጠራው ስም ራስል ራሱ ያስገኘው ስም ይሆናል።

ኦል ስታር ይሻላል፤ ቢሆንም ሦስት ጉድለት አለበት። ምርጫው የሚካሄደው በሲዝኑ አጋማሽ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻ ነው የሚያየው። ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ (የሊጉ ምሥራቅና ምዕራብ ክፍል) እኩል ቁጥር ስለሚመረጥ ደካማ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ሰው ይቀለዋል። ሦስተኛው፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ የለም፤ በ1999 ሊጉ ተጫዋቾቹን ከሥራ ባገደበት ውዝግብ ምክንያት ኦል ስታር ጨዋታ አልተካሄደም፣ ስለዚህ ደንከን የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲበላ ዴቪድ ሮቢንሰን በዓምድህ ላይ ዜሮ ነው። የሌብሮንን የክሊቭላንድ አጋር ካይሪ ኧርቪንግን ተመልከት። በ2015 ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ጉልበቱ ላይ ተሰብሮ በቀጣዩ ሲዝን የተመለሰው በታኅሣሥ ወር ነው፤ ኦል ስታር አልተመረጠም። በ2016 ፍጻሜ ግን በአማካይ 27.1 ነጥብ አስቆጥሯል። በአምስተኛው ጨዋታ እሱም ሌብሮንም እያንዳንዳቸው 41 አስቆጥረዋል፤ በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን የወሰነችው ሦስት ነጥብም የእሱ ናት። ይህን ሰው ዜሮ የሚል ዓምድ ዓምድ አይደለም።

ኦል ኤንቢኤ (በሲዝኑ መጨረሻ የሚመረጡት የዓመቱ ምርጥ ቡድኖች) ከኦል ስታር ይበልጣል፤ ሙሉ ሲዝኑን ይመዝናልና። እሱም ወጥመድ አለው፤ ሦስተኛው ቡድን የተጨመረው በ1988-89 ነው። ከዚያ በፊት ቦታው 10 ብቻ ነበር። ውጤቱን ተመልከት፤ 67 ጨዋታ ያሸነፈው የ1986 ቦስተን ከበርድ ሌላ አንድም ኦል ኤንቢኤ የለውም። ማክሄል፣ ፓሪሽ፣ ዴኒስ ጆንሰን እና ቢል ዋልተን የነበሩበት ቡድን ነው! የ1987 ሌከርስም ከማጂክ ሌላ የለውም፤ ወርዚ እና ካሪም እያሉ፣ ማይክል ኩፐር የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ በተባለበት ዓመት።

ስለዚህ እኔ የምሠራበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ከኮከቡ ሌላ በዚያ ፕሌይኦፍ ብዙ ደቂቃ የተጫወቱትን 7 ሰዎች ብቻ ጻፍ፤ የቀረውን እርሳው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የሦስት ዓመት መስኮት ክፈት፤ የዋንጫው ዓመት፣ ከእሱ በፊት ያለውና ከእሱ በኋላ ያለው። ኦል ኤንቢኤ አንደኛ ቡድን 5፣ ሁለተኛ 4፣ ሦስተኛ 3፤ ከእነዚህ ውጭ ሆኖ ኦል ስታር ብቻ ከሆነ 2። በመከላከያ ምርጥ ቡድን ውስጥ ካለ 1 ጨምርለት። የዋንጫውን ዓመት በሁለት አባዛ፣ ሦስቱን ደምር፣ ለ4 አካፍል።

የጆርዳን የቺካጎ አጋር ስኮቲ ፒፐን በ1996፦ 1995 ላይ 6፣ 1996 ላይ 6 በሁለት ተባዝቶ 12፣ 1997 ላይ 5። ድምሩ 23፣ ለ4 ሲካፈል 5.75። ሻክ ለኮቢ በ2001፦ 6፣ 12 እና 5፤ እንደገና 5.75። ፒፐን በዚያ ዓመት ለጆርዳን የሻክን ያህል ሽልማት የነበረው አጋር ነው፤ ይህን የሚጠብቅ ጥቂት ሰው ነው። አንቶኒ ዴቪስ ለሌብሮን በ2020 4፣ ዌድ ለሌብሮን በ2012 3.25፣ ጋሶል ለኮቢ በ2010 3.25፣ ቦሽ ለሌብሮን በ2012 2። ኧርቪንግ በ2016 1.25 ይወጣል፣ ኬቪን ላቭ 0.5። ለ1999ኙ ኦል ስታር የሌለበት ዓመት ሁለቱን የጎን ዓመቶች ብቻ ተጠቀም።

የኧርቪንግ ቁጥር አሁንም አነስተኛ መሆኑን አስተውል። ሽልማት ጉዳት የመታውን ሰው ሁልጊዜ ያሳንሳል። ለዚህ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ያስፈልግሃል፤ በዚያው ፕሌይኦፍ የሠራው ራሱ። ፒፐንም በ1991 በዚህ ስሌት 2.25 ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ኦል ስታርም አልነበረም። በፕሌይኦፉ ግን 21.6 ነጥብ፣ 8.9 ሪባውንድ (ከሳተ ምት በኋላ የተያዘ ኳስ)፣ 5.8 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ቅብብል) ነበረው፤ በፍጻሜውም ማጂክን ሲይዝ አይተነዋል። ሁለቱ ዓምዶች ሲራራቁ የፕሌይኦፉን እመን።

ትሪያንግል_91

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ልግባ፤ በተለይ በዚያች 55። የጆርዳንን ስም ለማሳነስ በየክርክሩ የምትጠራ ቁጥር ናት፤ ሰው ግን አይከፍታትም።

በ1992-93 ቺካጎ 57 አሸነፈ፣ በ1993-94 ያለ ጆርዳን 55። ልዩነቱ 2 ብቻ ይመስላል። የነጥብ ልዩነቱን ግን እይ፤ በመጀመሪያው ሲዝን በአማካይ በ6.3 ነጥብ ይበልጥ ነበር፣ በሁለተኛው በ3.1። ግማሹ ጠፍቷል። ቡድን በጠባብ ውጤት የሚያልቁ ጨዋታዎች ላይ ዕድል ሲቀናው የድሉ ብዛት ከጥንካሬው በላይ ይሄዳል፤ የነጥብ ልዩነት ግን ቶሎ አይታለልም። ግምቱን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ፤ አማካዩን የነጥብ ልዩነት በ2.7 አባዛና 41 ጨምር። ለ1992-93 ወደ 58 ይመጣል፣ ከእውነተኛው ጋር ይገጥማል። ለ1993-94 ወደ 49 ይመጣል፤ 6 ያህል ድል ከላይ የተጨመረ ነው። በ1996 የነበረው የ12.2 ልዩነት 74 ይላል፤ ያሸነፉት 72 ነው። ስለዚህ በዓምድህ ላይ 55 አትጻፍ፣ 3.1 ጻፍ።

ሌላው ነገር፣ ቡድኑ ያው ቡድን አልነበረም። በጆርዳን ቦታ የገባው ፒት ማየርስ ነው፣ እሺ፤ ግን ኩኮች፣ ስቲቭ ከር እና ቢል ዌኒንግተን የመጡት በዚያው ሲዝን ነው፣ ሎንግሊም በአጋማሹ። ቡድኑ አንድ ሰው አጥቶ አራት ሰው አገኘ።

ይህን ሁሉ ብዬም የጆርዳን አጋሮች ደካማ ነበሩ አልልም፤ ጠንካራ ነበሩ። ያለ እሱ በ3 ነጥብ የሚበልጥ ቡድን ጥሩ የፕሌይኦፍ ቡድን ነው፣ ኒውዮርክንም እስከ ሰባተኛ ጨዋታ ወስዷል። ጥንካሬው ከየት እንደመጣ ለማየት ደግሞ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጥ። በ1993-94 ፒፐን በገባባቸው 72 ጨዋታዎች 51 አሸንፈው 21 ተሸነፉ፤ በሌለባቸው 10 ጨዋታዎች 4 አሸንፈው 6 ተሸነፉ። በ1997-98 ደግሞ ፒፐን እግሩን ቀዶ ጥገና ተደርጎ የመጀመሪያዎቹን 35 ጨዋታዎች ሳይጫወት ጆርዳን 24 አሸንፎ 11 ተሸነፈ፤ በቀሩት 47 ጨዋታዎች 38 አሸንፈው 9 ብቻ ተሸነፉ። ጆርዳን ያለ ፒፐን በሙሉ ሲዝን ሲሰላ ወደ 56 ድል ይሄዳል። አብረው ሲሆኑ ደግሞ ወደ 66።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሆራስ ግራንትን ነው። በ1994 ክረምት ወደ ኦርላንዶ ሄደ። ጆርዳን በመጋቢት 1995 ሲመለስ ቺካጎ 34 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ፒፐን በዚያ ሲዝን ኦል ኤንቢኤ አንደኛ ቡድን ውስጥ ነው። ከ55 ወደዚያ ያወረዳቸው ዋናው ነገር የግራንት መሄድ ነው። በዚያው ዓመት በፕሌይኦፍ ያባረራቸውም ግራንት ያለበት ኦርላንዶ ነው፣ ጆርዳን ሜዳ ላይ እያለ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቦታ ሮድማን መጣና 72። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዋንጫዎች ያለ ግራንት፣ የኋለኞቹ ሦስት ያለ ሮድማን የሚበሉ አይመስለኝም። ኦል ስታር ስትቆጥር ግን ግራንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ጆርዳን በሌለበት ዓመት፣ ሮድማን በቺካጎ አንድም ጊዜ የለም።

ዞን_ዲፌንስ

ወንድሜ ትሪያንግል ያልከው ትክክል ነው፤ ግን እኔ «ኮከቡ ከሄደ በኋላ» የሚለውን ዓምድ በነጥብ ልዩነትም ቢሆን ብቻውን አላምነውም። ኮከብ ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ክሊቭላንድ በ2009-10 61 አሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት ያለ ሌብሮን 19። በተከታታይ 26 ጨዋታ ተሸነፉ። «አጋሮቹ ምንም አልነበሩም» የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ዝርዝሩን ግን እይ፦ ኢልጋውስካስ ከሌብሮን ጋር ወደ ማያሚ ሄደ፣ ሻክ ወደ ቦስተን ሄደ፣ አሰልጣኙ ተባረረ፣ ቫሬዣው 31 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ ሞ ዊሊያምስ በአጋማሹ ተሸጠ። ያ 19 የሌብሮን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሙሉ ቡድን መፍረስ ነው። ደግሞም ያ ዋንጫ ያልበላ ቡድን ነው፤ ለጠያቂው ሠንጠረዥ አይገባም። ጎልደን ስቴት በ2019-20 15 አሸንፎ 50 ሲሸነፍ ከሪ በሲዝኑ መጀመሪያ እጁ ተሰብሮ 5 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው፤ ግን ዱራንት ሄዷል፣ ክሌይ ተጎድቷል፣ ኢጉዳላም የለም። የማን ውጤት ነው ልትለው?

ቦስተን በ1968-69 48 አሸንፎ 34 ተሸነፈ፤ ራስል ጡረታ ሲወጣ 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈ፣ ቁጥሩ በትክክል ተገለበጠ። ያምራል፤ ግን ራስል የቡድኑ አሰልጣኝም ነበር፣ ሳም ጆንስም በዚያው ጊዜ ነው የወጣው።

በአንጻሩ ንጹሕ የሚባለው ላሪ በርድ ነው። በ1988-89 በተረከዙ ሕመም 6 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ ማክሄል፣ ፓሪሽ እና ዴኒስ ጆንሰን ሁሉም ነበሩ። ከ57 ወደ 42 ወረዱ። አሰልጣኝ ተቀይሯል፣ ኤይንጅም በአጋማሹ ሄዷል፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ የሚታመን ነው። ማጂክ በኅዳር 1991 ሲያቆምም ከ58 ወደ 43 ነው፤ ወርዚ ብዙ ጨዋታ አምልጦታል፣ ያን አስብበት።

ይህን ዓምድ ካስቀረህ በእያንዳንዱ ረድፍ ጎን «ሌላ ማን ሄደ፣ ማን ተጎዳ፣ አሰልጣኙ ተቀየረ ወይ?» የሚል ባዶ ቦታ አስቀምጥ። ከሁለት በላይ ነገር የተቀየረበትን ረድፍ ከድምሩ አውጣው። ኮከቡ ሜዳ ላይ ሲሆንና ሲወጣ የሚሰላው የፕላስ ማይነስ (የነጥብ ልዩነት) ቁጥር የተሻለ ይመስላል፤ መረጃው ግን በሙሉ የሚገኘው ከ1996-97 ወዲህ ነው፣ ከጆርዳን ዋንጫዎች ሁለቱን ብቻ ይሸፍናል። ዊን ሼርስ የሚባለውን ደግሞ ለዚህ ሥራ አትጠቀምበት። የቡድኑን ድል ለተጫዋቾቹ የሚያከፋፍል ስሌት ስለሆነ ኮከቡ ያመጣው ድል በአጋሮቹ ስም ላይ ይወድቃል፤ አንተ ልትለየው የፈለግኸውን ነገር መልሶ ያደባልቀዋል።

ሦስት_ነጥብ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሆል ኦፍ ፌምን አውጥቻለሁ፣ የነጥብ ልዩነትንም አስገባለሁ። በቦክስ_አውት ስሌት ከሄድን ታዲያ ከሁሉም በትንሹ አጋር ዋንጫ የበላው ማን ነው የሚሆነው? አንድ ዋንጫ ብቻ ነጥለን።

ኋላ_ሜዳ

ሀኪም ኦላጁዎን፣ 1994። ሠራሁት፤ ዜሮ ነው። ኦቲስ ቶርፕ ኦል ስታር የነበረው በ1992 ብቻ ነው፣ ከመስኮቱ ውጭ ይወድቃል። ቨርነን ማክስዌል፣ ኬኒ ስሚዝ፣ ሮበርት ሆሪ፣ ማሪዮ ኤሊ፣ ገና ጀማሪ የነበረው ሳም ካሴል፤ አንዳቸውም በሦስቱ ዓመት ምንም ሽልማት የላቸውም። በዚያው ሲዝን ሀኪም ኤምቪፒ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ እና የፍጻሜው ኤምቪፒ ሆነ፤ ሦስቱን በአንድ ሲዝን የወሰደ ሌላ ሰው የለም።

ከእሱ ቀጥሎ የ2003 ደንከን ነው፤ ድምሩ 1 ብቻ፣ እሱም በሙሉ ከብሩስ ቦወን የመከላከያ ሽልማት። ሰው «ሮቢንሰን፣ ፓርከር፣ ጂኖቢሊ ነበሩ» ይላል። ሮቢንሰን 37 ዓመቱ፣ በሲዝኑ አማካዩ 8.5 ነጥብ፣ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት። ፓርከር ገና በሁለተኛ ዓመቱ። ጂኖቢሊ በመጀመሪያ ዓመቱ። ሦስቱም ታላላቅ ስሞች ናቸው፣ አንዱ ካለፈበት፣ ሁለቱ ሳይደርሱ። ደንከን በመጨረሻው ጨዋታ 21 ነጥብ፣ 20 ሪባውንድ፣ 10 አሲስት፣ 8 ብሎክ (የታገደ ምት) አደረገ። ሆል ኦፍ ፌምን የቆጠረ ሰው ይህን ቡድን ከጠንካሮቹ ተርታ ያሰልፈዋል፤ ዓመቱን የቆጠረ ከደካሞቹ።

ሦስተኛው የ2011 ዲርክ፣ ድምሩ 2። ታይሰን ቻንድለር 1.5 ያመጣል፣ ጄሰን ኪድ በ2010 ኦል ስታርነቱ 0.5። የ2016 ክሊቭላንድ በስሌቱ 1.75 ስለሆነ ከዲርክ በታች ይወድቃል፤ እዚህ ላይ ስሌቱን አትመነው። ቦክስ_አውት እንዳለው የኧርቪንግ ፕሌይኦፍ ያን ቁጥር ይሽረዋል። የዳላስ ግን በፕሌይኦፉም የጎላ ሁለተኛ ኮከብ አልነበረውም፤ የነበረው ስፋት ነው። ቴሪ፣ ማሪዮን፣ ቻንድለር፣ ኪድ፣ ባሬያ፣ እያንዳንዱ በአንድ ነገር ላይ በጣም ጎበዝ። ካሮን በትለርም ከጥር ጀምሮ ተጎድቶ ነበር።

የሀኪም 1994 እና የዲርክ 2011 አንድ ዓይነት ሥሪት አላቸው፤ አንድ ሰው መሃል ላይ ሁለት ተከላካይ ይስባል፣ ዙሪያውን ሦስት ነጥብ የሚመቱ ይቆማሉ። እንዲህ ላለ ኮከብ ሁለተኛ ኮከብ የግድ አያስፈልገውም፤ ኳስ ሲደርሰው ሳያመነታ የሚመታ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ስም ብቻ ሳይሆን መግጠም የሚባል ነገር አለ። ማያሚ በ2011 ሌብሮን፣ ዌድ እና ቦሽን ይዞ በዲርክ የተሸነፈው ሌብሮንና ዌድ ሁለቱም ኳስ በእጃቸው ካልሆነ ስለማይደምቁ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2012 ቦሽ በሆድ ጡንቻ ጉዳት 9 ጨዋታ ሲወጣ አሰልጣኙ ስፖልስትራ ባቲዬን አሰልፎ ሌብሮንን ወደ ውስጥ አስጠጋው፤ ቦሽ ሲመለስ ደግሞ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት) አደረገው፣ ሜዳውም ተከፈተ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተቀየረው አቀማመጡ ነው።

ዮኪች 2023 ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ጀማል መሪ እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ ኦል ስታር አልነበረም፤ ሽልማት ብቻ ካየህ ከሀኪም 1994 ጋር እኩል ያደርገዋል። መሪ በዚያ ፕሌይኦፍ በአማካይ 26.1 ነጥብ አስቆጥሯል። እሱን ከቨርነን ማክስዌል ጋር እኩል ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው።

ትሪያንግል_91

ሀኪም ላይ እስማማለሁ። የ1995ቱን ግን ከዚያ ጋር እንዳትደባልቅ፤ ድሬክስለር በየካቲት መጥቶ በዚያ ዓመት ኦል ኤንቢኤ ሦስተኛ ቡድን ውስጥ ገብቷል። በ47 ድል ስድስተኛ ሆነው ገብተው ዋንጫ በሉ። ሲዝኑን ስታይ ደካማ ቡድን ነው፣ ፕሌይኦፉ ላይ ያለው ግን ሌላ ቡድን ነው። በአጋማሽ ዝውውር የመጣ ሰው ካለ የሲዝኑን የነጥብ ልዩነት ከዝውውሩ በኋላ ካሉት ጨዋታዎች ብቻ አውጣ።

ከቆዩት ደግሞ ሪክ ባሪን በ1975 ጨምር። የጎልደን ስቴት ብቸኛ ኦል ስታር ነበር፤ ዋሽንግተንን 4 ለ 0 አሸነፉ። ስርቆትና ብሎክ መመዝገብ የጀመሩት በ1973-74 ስለሆነ በእነዚህ ላይ የቆመ ዘመናዊ ስሌት ለእሱ ይሠራል፤ ለራስልና ለዊልት ቻምበርሌን ግን አይሠራም።

ቦክስ_አውት

ስለ ራስል፣ ዘመን ለማመጣጠን የጠየቅኸው ላይ። የቡድኑን ብዛት አስገባ። ራስል በ1956 ሲጀምር ሊጉ 8 ቡድን ነበር፣ በ1969 ሲጨርስ 14። በ8 ቡድን ሊግ ውስጥ ምርጥ ተጫዋቾች በጥቂት ቦታ ይከማቻሉ፤ አጋርህ ጠንካራ ነው፣ ተጋጣሚህም እንዲሁ። ቦታው 10 ለሆነ ኦል ኤንቢኤ በ8 ቡድን ሊግ ውስጥ መግባት በ30 ቡድን ሊግ ከመግባት በእጅጉ ይቀላል። ለራስል ዘመን የመጀመሪያውን ቡድን 3፣ ሁለተኛውን 2 አድርግ፣ ኦል ስታሩን 1።

እንደዚያ ካደረግህ ራስል ከመጀመሪያው ደረጃ ይወርዳል፤ በእኔ እምነት መውረድም ይገባዋል። ኩዚ ታላቅ አቀባይ ነበር፤ ግን በሙያ ዘመኑ ከሜዳ የመታው 37.5 በመቶ ነው የገባው፣ በ1963 ሲያቆምም ቦስተን በቀጣዩ ሲዝን 59 አሸንፎ 21 ብቻ ተሸንፎ እንደገና ዋንጫ በላ። የቡድኑ ምሰሶ መከላከያው ነበር፣ መከላከያው ደግሞ ራስል።

ካሪምን በስድስት ዋንጫ ስትመዝን ሁሉንም እኩል አታድርግ። በ1971 የቡድኑ ምሰሶ እሱ ነው፣ ኦስካር ሮበርትሰን ሁለተኛ። በ1988 ግን 41 ዓመት ሞልቶት በሲዝኑ አማካዩ 14.6 ነጥብ ነው፣ የፍጻሜው ኤምቪፒም ወርዚ። ያ ረድፍ በማጂክ ስም ይጻፍ፣ ካሪም የአጋር ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ለደንከን 2014ም እንዲሁ፤ የፍጻሜው ኤምቪፒ ካዋይ ሌናርድ ነው።

ዞን_ዲፌንስ

አንድ ነገር ልጨምር፤ የፕሌይኦፉን ዓምድ በአማካይ ብቻ አትሙላው፣ ዋንጫ የወሰኑ ጨዋታዎችንም ለየብቻ እይ። በ2010 ሰባተኛ ጨዋታ ኮቢ ከ24 ምት 6 ብቻ አገባ፤ ጋሶል 19 ነጥብና 18 ሪባውንድ፣ አርቴስት 20 ነጥብ ባያመጡ ኖሮ ያ ዋንጫ የቦስተን ነበር። በ1993 ስድስተኛ ጨዋታ ወሳኟን ምት ያገባው ፓክሰን ነው፣ በ1997 ስድስተኛ ጨዋታ ከር፣ በ2013 ስድስተኛ ጨዋታ ሰዓቱ 5.2 ሰከንድ ሲቀረው ሬይ አለን። ከጋሶል በቀር አራቱም በሽልማት ስሌት እምብዛም የማይታዩ ናቸው።

የ1980 ስድስተኛ ጨዋታንም አስገባ። ካሪም በቁርጭምጭሚት ጉዳት ቀርቶ ማጂክ በጀማሪነቱ ሴንተር ሆኖ 42 ነጥብ ያስቆጠረበት ነው። በዚያው ጨዋታ ጀማል ዊልክስ 37 ነጥብ አስቆጥሯል። በማጂክ ረድፍ ላይ የዊልክስ ስም ከሌለ ረድፉ አልተሞላም።